ጉንጭ ተነፍቶ፣ ፎቶ ተነስቶ

የናስ መሣሪያ ነፊዎች እርስ በርስ ከሚተራረቡባቸው ጉዳዮች ሁሉ የፎቶን ያህል የሚያዘወትሩት የለም። ክራር ደርዳሪና ማሲንቆ ተጫዋች የሚሠሩት በእጃቸው ነው፤ ፊታቸው ነጻ ስለሆነ ፈገግ ማለት፣ ማዜም፣ ወደ ካሜራ መዞር ይችላሉ። ትራምፔት፣ ትሮምቦን ወይም ቱባ የሚነፋ ሰው ግን የሚሠራው በፊቱ ነው። ከንፈሩ፣ ጉንጩ፣ አገጩና አንገቱ የሥራ መሣሪያዎቹ ናቸው። እነዚህ ሁሉ በሥራ ላይ ሳሉ ካሜራ ሲደርስባቸው የሚወጣው ምስል ባለቤቱ ራሱ መስታወት ውስጥ አይቶት የማያውቀው ፊት ነው። ጓደኞቹ ግን በየልምምዱ ያውቁታል፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ማስረጃ አልነበራቸውም እንጂ።

የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከሐዋሳ ወደ ሞያሌ በሚዘልቀው አስፋልት ላይ ትገኛለች። ሕዝብ ወደ መንገድ የሚወጣባቸው ቀናት አያጥሯትም፤ ጥምቀትና መስቀል አሉ፣ የጌዴኦ ሕዝብ የምስጋናና የዘመን መለወጫ በዓል የሆነው ደራሮ አለ፣ የዩኒቨርሲቲው ምረቃም አለ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈረ ወዲህ ደግሞ ካሜራ ይዞ የሚመጣው እንግዳ ሌላ ምክንያት አግኝቷል። እንዲህ ባለ ቀን የማርሽ ባንድ ሲያልፍ በግራና በቀኝ የቆመው ሰው ሁሉ ስልኩን ከፍ ያደርጋል። የነፊው ሁለት እጆች ተይዘዋል፣ አፉም ተይዟል፤ ዓይኑ ከፊቱ ባለው ሰው ትከሻ ላይ፣ እግሩ ከከበሮው ጋር ነው። «ቆይ፣ አሁን አታንሳ» የሚልበት መላ የለውም።

ውጤቱ የሚታወቀው አመሻሹ ላይ ነው። ፎቶዎቹ ወደ ባንዱ የቴሌግራም ግሩፕ ይጎርፋሉ። ብዙዎቹ ደህና ናቸው፤ የደንብ ልብሱ የተተኮሰ፣ ሰልፉ የተስተካከለ። ከመካከላቸው አንዷ ግን ትገኛለች። ዓይኑ ግማሽ ተጨፍኖ፣ ጉንጩ ተወጥሮ፣ ቅንድቡ ወደ ግንባሩ የወጣ ትራምፔት ነፊ። መጀመሪያ አንዱ ምንም ሳይጽፍ ፎቶዋን ብቻ መልሶ ይልካታል። ሁለተኛው «ጉንጩ ውስጥ ያለው አየር ነው ወይስ የጠዋቱ ቆጮ?» ይላል። ሦስተኛው ፊቱን ብቻ ቆርጦ ስቲከር ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ የልምምድ ሰዓት በተነገረ ቁጥር «እሺ» በሚለው ቃል ፈንታ ያ ስቲከር ይላካል። ለታላቅ ሲሆን አነጋገሩ ይለወጣል እንጂ ተረቡ አይቀርም፤ «ጋሼ፣ ይህችን ለፋይዳ መታወቂያ አያደርጓትም?» ይባላሉ፤ ጋሼም የጠያቂውን የባለፈውን ዓመት ፎቶ ፈልገው አግኝተው ይልኩለታል።

ጨዋታው ከፍ የሚለው ባለቤቱ ራሱ ፎቶዋን ፕሮፋይል ያደረጋት ቀን ነው። የፕሮፋይል ፎቶ በቴሌግራምም ሆነ በፌስቡክ የሚታየው በክብ ቅርጽ ነው። ረጅሙ ትራምፔት በዚያ ክብ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ መሣሪያው ተቆርጦ ይቀርና ፊት ብቻ ይተርፋል። የፎቶውን አስቂኝነት የሚያበዛው ይህ ነው። መሣሪያው ከነፊው ጋር ሲታይ ተመልካቹ የተነፋውን ጉንጭ ከሥራው ጋር ያያይዘዋል፤ ሰውዬው የሚለፋው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። መሣሪያው ሲጠፋ ድካሙ ያለ ምክንያት ይቀራል። የማያውቅ ሰው ያየው እንደሆነ ሰውዬው ትኩስ ድንች ጎርሶ የተጨነቀ ሊመስለው ይችላል።

ፊቱ ለምን እንዲያ እንደሚሆን መረዳት ተረቡን ለመረዳት ይጠቅማል። በናስ መሣሪያ ውስጥ ድምፅ የሚፈጥረው ብረቱ አይደለም፣ የነፊው ከንፈር ነው። ሁለቱ ከንፈሮች በመሣሪያው አፍ መግጠሚያ፣ በማውዝፒሱ ላይ ተገጥመው አየር ሲገፋቸው ይርገበገባሉ፤ ቱቦው ያንን መርገብገብ ያጎላዋል፣ ቅርጽም ይሰጠዋል። ኦርኬስትራዎች መሣሪያቸውን የሚያስተካክሉበት «ላ» የሚባለው ድምፅ ሲነፋ የትራምፔተኛው ከንፈር በሴኮንድ 440 ጊዜ ይርገበገባል። ትራምፔት ተዘርግቶ ቢለካ ርዝመቱ 1.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ትልቁ ቱባ ደግሞ ወደ 5.5 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ቱባ ነፊ ብዙ አየር ያስፈልገዋል፤ ትራምፔት ነፊ አየሩ ጥቂት ቢሆንም በከፍተኛ ግፊት መግፋት አለበት። ቀጭኑ ድምፅ በኃይል ሲነፋ በአፍ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት ከጤነኛ ሰው የላይኛው የደም ግፊት ጋር የሚተካከልበት፣ አንዳንዴም የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ደረት ውስጥ ያለው ግፊት ሲጨምር ደም ከጭንቅላት ወደ ልብ መመለሱ ለጊዜው ይዘገያል፤ የአንገት ሥር የሚገተረው፣ ፊት የሚቀላው በዚህ ነው። በጠራ ፀሐይ የስልክ ካሜራ አንድን ፎቶ ለማንሳት የሴኮንድ አንድ አምስት መቶኛ እንኳ ላያስፈልገው ይችላል። ሰልፉን የሚከተለው ሰው የሚሰማው ረጅምና የተቃና ዜማ ነው፤ ፎቶው የሚይዘው ግን ዜማ የሌለበትን አንዲት ቅጽበት ነው።

ጉንጭ መነፋቱ ራሱ በሙያው ውስጥ አከራካሪ ነው። መምህራን ጀማሪውን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ «ጉንጭህን ያዝ» ይሉታል። የከንፈር ጥጎች መጥበቅ፣ ጉንጭ ከጥርስ ጋር መጣበቅ አለባቸው፤ ጉንጭ ሲለጠጥ የከንፈር ቁጥጥር ይላላል፣ ድምፁም ይዋልላል። በመሆኑም ጉንጩ የተነፋ ነፊ ፎቶ በግሩፑ ውስጥ ሲወጣ ሳቁ ሁለት ነገር ይዞ ይመጣል። አንዱ መልኩ ነው፤ ሌላው የሙያ እርማት ነው። «ጉንጭህ ዲላ ደርሷል፣ አንተ ገና ወናጎ ነህ» ተብሎ በአጎራባቿ ከተማ ስም የተተረበ ጀማሪ በማግስቱ በልምምድ ላይ ጉንጩን መያዙ አይቀርም። በቀጥታ ቢነገረው ኖሮ ያፍር ነበር፤ በተረብ ሲነገረው ስቆ ይቀበለዋል። ይህ ዓይነቱ ትምህርት ከብዙ ምክር ይልቅ ውጤት አለው።

ሳቅ ለናስ ነፊ አደገኛ የሚሆንበት አካላዊ ምክንያትም አለ። ሰው ሲስቅ የከንፈሩ ጥጎች ወደ ላይና ወደ ጎን ይሳባሉ፤ ለመንፋት ደግሞ ጥጎቹ ባሉበት መጽናት አለባቸው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማድረግ አይቻልም። ቫዮሊን ተጫዋች እየሳቀ መጫወት ይችላል፤ ትራምፔት ነፊ የሳቀ ዕለት ድምፁ ይሰበራል። ስለዚህ በሰልፍ መካከል አጠገብ ያለው ባልደረባ ያችን ስቲከር የሚመስል ፊት ካሳየው ጉዳቱ የእውነት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ባንዶች ዘንድ የታወቀ የቆየ ተንኮል አለ፤ ከናስ ነፊዎች ፊት ለፊት ቆሞ ሎሚ መምጠጥ። ሎሚውን የሚያይ ነፊ አፉ ምራቅ ይሞላል፣ ከንፈሩም ይሸማቀቃል ይባላል። በኢትዮጵያ ግን የጥምቀት ሎሚ የሚያገለግለው ለሚወዷት ልጅ ለመወርወር ነው።

የአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ለትራምፔት ያለው ጆሮም ለተረቡ የራሱን መንገድ ከፍቷል። በየሰፈሩ ማለዳ ላይ የሚሰማው ጡሩምባ የእድር ጡሩምባ ነው፤ ጡሩምባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ ነፍቶ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። በዚህ ልማድ ባደገ ሰፈር ውስጥ አንድ ወጣት ቤቱ ሆኖ ትራምፔት መለማመድ ሲጀምር ጎረቤቱ «ማን ሞተ?» ቢል አይገርምም። ጥያቄዋ ለባንዱ ልጆችም ታገለግላለች። አንዱ ድምፅ ሲስት፣ ወይም ፎቶው ላይ ፊቱ ሐዘንተኛ ሲመስል፣ «ማን ሞተ?» ይባላል።

ከዚህ ጀርባ ያለው ባህል የተረብ ባህል ነው። ተረብ በኢትዮጵያ ከተሞች፣ በተለይም በወጣቶች መካከል፣ የራሱ ሥርዓት ያለው የቃል ጨዋታ ነው። አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይመልሳል፤ የተቆጣ ተሸናፊ ነው። ከእርሱ ቀደም ያለው እንካ ስላንቲያ ልጆች በቤት መምቻ እየተቀባበሉ የሚሰዳደቡበት ጨዋታ ሲሆን ስድቡ ከጨዋታው ውጪ ሄዶ ጥል አይሆንም። እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ራድክሊፍ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ጥናት እንዲህ ያለውን ነገር የቀልድ ዝምድና ብሎታል፤ አንዱ ሌላውን መተረብ የተፈቀደለት፣ አንዳንዴም የሚጠበቅበት፣ ሌላው ደግሞ መቀየም የማይገባው ግንኙነት ነው። ባንድ እንዲህ ላለ ዝምድና የተመቸ ቦታ ነው። አባላቱ በአንድ ረድፍ ይቆማሉ፣ በአንድ ላይ ይተነፍሳሉ፣ የአንዱ ስህተት የሁሉም ስህተት ሆኖ ይሰማል። እምቢልታ የሚነፉ አባቶችና ዲንካ የተባለውን የዳውሮ የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፉ ሰዎችም እያንዳንዱ የየራሱን ድምፅ በየተራው እየጣለ ነው ዜማውን በጋራ የሚያቆሙት፤ አንዱ ተራውን ከሳተ ክፍተቱ ለሁሉም ይሰማል። እንዲህ ተሳስሮ የሚሠራ ቡድን ስህተትን የሚያነሳበት ቀላል ቋንቋ ያስፈልገዋል።

ይህ ተረብ የሚካሄድበት የናስ ባንድ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከአድዋ ድል በኋላ ነው። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የናስ መሣሪያዎችን ከአስተማሪ ጋር ላኩ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1916 ዓ.ም. ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ውስጥ የሚኖሩ፣ ከዘር ፍጅቱ የተረፉ አርባ ወላጅ አልባ ወጣቶች የናስ ባንድ ሲጫወት ሰሙ፤ ወጣቶቹንም ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ዮፍታሔ ንጉሤ ግጥሙን የጻፉለትን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የሕዝብ መዝሙር ዜማ የደረሰው እርሱ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ የሙዚቀኛ ትውልድ አሠልጥኗል። ከዚያ የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተከተሉ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ ከክቡር ዘበኛ፣ ሂሩት በቀለና ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ሲያዜሙ ከኋላቸው ተሰልፈው የሚነፉት የደንብ ልብስ የለበሱ ወታደሮችና ፖሊሶች ነበሩ። ዛሬ ዲላ ቡና ቤት ውስጥ የሚሰማው የእነዚያ ሰዎች ትንፋሽ ነው።

በእነዚያ ኦርኬስትራዎች ዘመን ፎቶ ሌላ ነገር ነበር። ፎቶ ቤት የሚሄድ ሰው ፀጉሩን አበጥሮ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ይቀመጣል። የባንድ የቡድን ፎቶም እንዲሁ ነው፤ የተለመደው አነሳስ ነፊዎቹ መሣሪያቸውን ታቅፈው ወይም ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው የሚታዩበት ነበር። አይነፉም። ስለዚህ በወታደራዊ ሥርዓት ውስጥ የነበረው ሳቅ ሁሉ በልምምድ ክፍልና በሰፈር ቀርቷል፤ ያንን ፊት የያዘ ምስል እጅግ ጥቂት ነው። የእጅ ስልክ የለወጠው ይህንን ነው። የሚሠራው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ በብዛት ተቀርጾ እየተቀመጠ ነው፤ ይህ ለአገሪቱ የሙዚቃ ታሪክ ትንሽ የማይባል ሀብት ነው።

ከባንዱ ነፊዎች አንድ ወገን ብቻ ከዚህ የፎቶ ተረብ ያመልጣል። ሳክስፎን አካሉ ከናስ ቢሠራም ድምፁ የሚመነጨው ከሸምበቆ ልሳን ስለሆነ በሙያው ከክላርኔት ጋር ይመደባል፤ የነፊውም ፊት ረጋ ያለ ነው። በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ ሽለላን በሳክስፎን ያስጮኸው ጌታቸው መኩሪያ መድረክ ላይ ግርማ ሞገስ የነበረው ሰው ነው። የሳክስፎን ነፊዎች ትራምፔተኞችን በፎቶ ሲተርቡ የሚደርሳቸው መልስም ከዚሁ ይነሳል፤ «አንተ የእንጨት ወገን፣ በናስ ጉዳይ አትግባ» ይባላሉ።

በዓለም መድረክ ሁለት ታላላቅ ትራምፔተኞች ይህን ጨዋታ ከፍ ወዳለ ደረጃ አድርሰውታል። ሉዊ አርምስትሮንግ በአፉ ስፋት «ሳችሞ» የሚል የተረብ ስም ወጣለት፤ እርሱ ግን ስሙን ተቀብሎ እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳተመውን የሕይወት ታሪኩን በዚሁ ስም ሰየመው። ዲዚ ጊለስፒ በበኩሉ መምህራን አታድርጉ የሚሉትን ሁሉ ያደረገ ሰው ነው፤ ሲነፋ ጉንጩና አንገቱ ያብጣሉ፣ ድምፁ ግን ከዘመኑ ሁሉ የፈጠነና የጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1953 ለባለቤቱ በተደረገ ግብዣ ላይ ሰዎች ትራምፔቱ ላይ ወድቀው አፉን ወደ ላይ አጠፉት፤ ጊለስፒ ነፍቶ ሲሞክረው ወደደውና ከዚያ በኋላ እንዲያ የታጠፈ ማሠራት ጀመረ። የተነፋው ጉንጭና የታጠፈው ትራምፔት በአንድ ላይ የእርሱ መለያ ሆኑ። ሁለቱ ሰዎች በሙዚቃ አስተሳሰብ ይለያዩ ነበር፤ አርምስትሮንግ የነጊለስፒን አዲስ ስልት በአደባባይ ነቅፏል፣ ጊለስፒም እ.ኤ.አ. በ1952 አርምስትሮንግን የሚያስመስል የቀልድ ቀረጻ አውጥቷል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1959 በቴሌቪዥን ጎን ለጎን ቆመው እየተቀላለዱ አብረው ነፍተዋል፤ በኒው ዮርክ ኮሮና ሰፈርም ጎረቤታሞች ነበሩ።

ተረቡ የሚቆምበት ድንበር አለው፤ ባንዶችም ያውቁታል። የመጀመሪያው ጉዳት ነው። አርምስትሮንግ በከንፈሩ ቁስል የተነሳ ለወራት ሳይነፋ የከረመበት ጊዜ ነበር። በከንፈር ዙሪያ ያለው ጡንቻ ሲቀደድ የሚከሰተውን ችግር ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በእርሱ ስም ጠርተውታል። ከንፈሩ የቆሰለ፣ ጥርሱ የወለቀ ነፊ እንጀራው አደጋ ላይ ነው፤ በእርሱ ፎቶ አይሳቅም። ሁለተኛው የብሔር፣ የሃይማኖትና የተፈጥሮ ጉድለት ነገር ነው። ዲላ ጌዴኦው፣ ጉጂው፣ ሲዳማው፣ ጉራጌውና አማራው አንድ ሰፈር የሚኖርባት ከተማ ናት፤ በአንድ ረድፍ የሚቆሙ ነፊዎችም ከዚያው ሰፈር ይመጣሉ። ተረቡ ስለ ፊት ሥራ እስከሆነ ድረስ ሁሉንም እኩል ይነካል፤ ወደ ማንነት የዞረ እንደሆነ ግን ጨዋታነቱ ያበቃል። ሦስተኛውና ዛሬ ይበልጥ አሳሳቢው ድንበር የግሩፑ ግድግዳ ነው። በሥራ ባልደረቦች መካከል የተላከች ፎቶ ያለ ባለቤቷ ፈቃድ ወደ ፌስቡክ ወይም ወደ ቲክቶክ ከወጣች ሥራውን የማያውቅ ሰው እጅ ትገባለች። ባልደረባው በፎቶዋ የሚስቀው የነፊውን ድካም እያወቀ ነው፤ እንግዳው ግን የሚያየው የተጣመመ ፊት ብቻ ነው። በተለይ ለሴት ነፊዎች ይህ ጉዳት ይከብዳል፤ መንገድ ላይ የሚሰነዘርባቸው አስተያየት አስቀድሞም ብዙ ስለሆነ አንዲት ፎቶ ከባንድ ልታስወጣቸው ትችላለች። አለቃው ወይም አንጋፋው ነፊ «ከዚህ ግሩፕ አትውጣ» ማለት ያለበት ፎቶዋ በተላከችበት ቅጽበት ነው።

ደህና ፎቶ ማግኘት ለሚፈልግ ነፊ መላው ብዙ አይደለም። ነፊዎች ለመተንፈስ በየሐረጉ መጨረሻ ለአፍታ መንፋት ያቆማሉ፤ የሚያነሳው ሰው ዜማውን የሚያውቅ ከሆነ ያንን ቅጽበት መጠበቅ ይችላል። ወፍራምና ዝግ ያለ ድምፅ ሲነፋ ፊት ከቀጭኑ ድምፅ ይልቅ ይረጋጋል። ከፊት ለፊት ከማንሳት ከጎን ማንሳት ይሻላል፤ ጉንጩ ቢነፋም ዓይን ወደ መሣሪያው መስመር ይሄዳል። ፎቶዋ ፕሮፋይል እንድትሆን ከተፈለገ ደግሞ ራቅ ብሎ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ክቡ ሲቆርጣት ቢያንስ ማውዝፒሱና የትራምፔቱ ቫልቮች ከፊቱ ጋር ይቀሩለታል።